የጥንት ቸርት ከየትኛው ውኃ ተፈጠረ? የኖብል ጋዞች ምስክርነት

ቸርት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ሲሊካ፣ ማለትም የሲሊከንና የኦክስጅን ውሁድ፣ የሆነ ድንጋይ ነው። የተሠራው በዓይን ከማይለዩ የኳርትዝ ቅንጣቶች በመሆኑ ጠንካራና ልሙጥ ነው፤ ሲሰበርም ስለታም ጠርዝ ያወጣል። ቀለሙ በውስጡ እንደያዘው ባዕድ ነገር ነጭ፣ ግራጫ፣ ቀይ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል። በአገራችን የድንጋይ መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ከባልጩት ጎን ለጎን ሲያገለግል የኖረ ሲሆን፣ በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች ከቸርትና ከመሰል የሲሊካ ድንጋዮች መፋቂያ እየጠረቡ ሲሠሩ ተመራማሪዎች በቅርብ አሥርት ዓመታት መዝግበዋል። የዚህ ማብራሪያ ጉዳይ ግን ሰው በምድር ላይ ከመታየቱ በቢሊዮን ዓመታት ቀድሞ የተፈጠረው ቸርት ነው። ጥያቄውም ይህን ድንጋይ ያስቀመጠው ውኃ ከየት የመጣ ነበር የሚል ነው።

ጥያቄው የጂኦሎጂ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ሕይወት አጀማመር ከሚነገረው ውስጥ ብዙው በእርሱ ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካዊው ዊልያም ሾፕፍ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፒልባራ በሚባለው አካባቢ ከሚገኘውና 3.46 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው የኤፔክስ ቸርት ውስጥ የጥቃቅን ሕያዋን ቅሪቶች እንዳገኙ አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ እንግሊዛዊው ማርቲን ብሬዚየር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያንኑ ድንጋይ እንደገና መርምረው፣ ቸርቱ በጸጥተኛ የባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ደለል ሳይሆን ፍል ውኃ በስንጥቅ ውስጥ ያስቀመጠው ነው፤ ቅሪት የተባሉት ቅርጾችም በዚያው ሂደት የተፈጠረ ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት) ናቸው ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ስለ ቅርጾቹ ብቻ አልነበረም። ቅርጾቹን የያዘው ድንጋይ ከምን ዓይነት ውኃ እንደተፈጠረ ካልታወቀ፣ ቅርጾቹ ምን እንደሆኑ የሚሰጠው ፍርድም መሠረት ያጣል።

ችግሩ የሚመነጨው ቸርት በብዙ መንገድ ሊፈጠር በመቻሉ ነው። በዛሬው ባሕር ውስጥ የሟሟውን ሲሊካ ዲያቶም የሚባሉት አልጌዎች፣ ራዲዮላሪያ የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትና አንዳንድ ስፖንጆች ለአካላቸው መሥሪያ ስለሚወስዱት፣ ውኃው ሲሊካ እጅግ የጎደለው ነው። ከሦስት ቢሊዮን ዓመታት በፊት ግን እነዚህ ፍጥረታት አልነበሩም። ሲሊካን ከውኃው የሚያወጣለት ስላልነበረ ባሕሩ በሲሊካ የጠገበ ነበር ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ ቸርት በቀጥታ ከባሕር ውኃ ሊወርድ ይችል ነበር። በሌላ በኩል ከእሳተ ገሞራ ድንጋዮች በታች የሞቀ ውኃ ሲሊካ አሟሙቶ ወደ ላይ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ ሸክሙን ስንጥቆች ውስጥና በባሕሩ ወለል ላይ ይጥላል። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ አስቀድሞ የነበረ የእሳተ ገሞራ አመድ ወይም ሌላ ደለል ሲሊካ በያዘ ውኃ ቀስ በቀስ ተተክቶ ወደ ቸርት ይለወጣል። መንገዶቹ ይለያዩ እንጂ መድረሻቸው አንድ ነው፤ ሁሉም በመጨረሻ ደቃቅ ኳርትዝ ይሆናሉ፤ በእጅ ተይዞ የሚታየው ድንጋይም ከየትኛው መንገድ እንደመጣ አይናገርም።

የኦክስጅንና የሲሊከን አይሶቶፖች እንዲሁም በጥቂቱ የሚገኙ ብረታማ ንጥረ ነገሮች በዚህ ምርመራ ላይ ከጥንት ጀምረው አገልግለዋል፤ ዛሬም ያገለግላሉ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በኬሚካላዊ ግብረ መልስ ይሳተፋሉ። ውኃና ድንጋይ ሲገናኙ ይለዋወጣሉ፤ ሙቀትም ይለውጣቸዋል። ኖብል ጋዞች ግን፣ ማለትም ሂሊየም፣ ኒዮን፣ አርጎን፣ ክሪፕቶንና ዜኖን፣ ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር በተፈጥሮ ውስጥ አይዋሐዱም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መጠናቸውን የሚለውጡት አካላዊ ክንውኖች ብቻ ናቸው፤ መሟሟት፣ መፍላት፣ በማዕድን ውስጥ ሾልኮ መውጣት እና ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች በሚበሰብሱበት ጊዜ አዲስ አተሞች መጨመራቸው። የክንውኖቹ ብዛት አነስተኛ መሆኑ ለመርማሪው ትልቅ እፎይታ ነው፤ የተለካው ቁጥር ከምን እንደመጣ ለማስላት የሚቻልበት ዕድል ይሰፋል።

አይሶቶፕ የሚባለው የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች በክብደት የሚለያዩበት ዓይነት ነው። ለምሳሌ አርጎን ሦስት የረጉ አይሶቶፖች አሉት፤ አርጎን 36፣ አርጎን 38 እና አርጎን 40። በኬሚስትሪ ዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው። በትውልድ ግን ይለያያሉ፤ አርጎን 36 እና 38 ምድር ስትፈጠር አብረዋት የመጡ ሲሆኑ፣ አርጎን 40 ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከፖታሲየም 40 መበስበስ ቆይቶ የተገኘ ነው። ዘዴው የሚቆመው በዚህ የትውልድ ልዩነት ላይ ነው።

ጋዝ ወደ ቸርት የሚገባው በውኃ ተጭኖ ነው። ከአየር ጋር የሚገናኝ ውኃ ሁሉ ከአየሩ ጥቂት ጋዝ ያሟሟል፤ ከኖብል ጋዞች መካከል ደግሞ ከባዶቹ ከቀላሎቹ ይበልጥ ይሟሟሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የክሪፕቶን ድርሻ ከአርጎን ጋር ሲነጻጸር በአየር ካለው ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ የዜኖን ድርሻ ደግሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ከድንጋዩ የወጣው ጋዝ በቀጥታ ከአየር የገባ ይሁን ወይስ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ከነበረ ውኃ፣ የንጥረ ነገሮቹን ድርሻ ብቻ በመለካት ለመለየት የሚያስችል የመጀመሪያ ፍንጭ ይገኛል። ሙቀት ይህን ሥርዓት ይለውጠዋል። ለብ ያለ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት ከቀዘቀዘው ይበልጥ እየተንፎለፎለ ጋዙን እንደሚያጣ ሁሉ፣ ከምድር ውስጥ የሚወጣ ፍል ውኃም ግፊቱ ሲቀንስና ሲፈላ የያዘውን ጋዝ ለእንፋሎቱ ይለቃል። በዚያን ጊዜ ቶሎ የሚለቁት በደንብ የማይሟሟሙት ቀላሎቹ ናቸው፤ በቀሪው ውኃ ውስጥ የከባዶቹ ድርሻ ከፍ ይላል፤ የጋዙ ጠቅላላ መጠን ግን እጅግ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ውኃ ያስቀመጠው ሲሊካ የመፍላቱን ምልክት ይዞ ይቀራል።

የአዲስ አበባ ነዋሪ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ የተቆረቆረችው በፍል ውኃ ዙሪያ ነው፤ ይህ ውኃ እስከ ዛሬ በመሐል ከተማ ከምድር ሙቀት ይዞ ይወጣል። ዝናብ ሆኖ ወደ መሬት የሰረገ ውኃ የአየሩን አርጎን፣ ክሪፕቶንና ዜኖን ይዞ ይወርዳል፤ በጥልቀት ሲሞቅ ከድንጋዮቹ ሲሊካ ያሟሟል፤ ድንጋዮቹ በዘመናት ያመነጩትንና ከበታች የሚመጣውን ጋዝም ይቀላቅላል፤ ከዚያ በስንጥቅ በኩል ይመለሳል። የጥንቱ ቸርት ፍል ውኃ ያስቀመጠው ከሆነ የተከተለው መንገድ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሚወርደው ውኃ ዝናብ ሳይሆን የባሕር ውኃ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከቸርቱ የሚወጣው ጋዝ የአንድ ምንጭ አይሆንም። የአየር ጋዝና የጥልቅ ምድር ጋዝ ድብልቅ ይሆናል፤ የምርመራው ዓላማም የሁለቱን ድርሻ መለየት ነው።

ከጥልቀት የመጣን ጋዝ በግልጽ የሚያሳየው ሂሊየም ነው። ሂሊየም 4 ከዩራኒየምና ከቶሪየም መበስበስ በየቀኑ የሚፈጠር ሲሆን፣ ሂሊየም 3 ግን አብዛኛው ምድር ስትፈጠር በውስጧ የታሰረ ነው። በአየር ውስጥ ለአንድ ሚሊዮን የሂሊየም 4 አተም አንድ ተኩል እንኳ የማይሞላ ሂሊየም 3 ይገኛል። ከውቅያኖስ መካከል ተራሮች በሚወጣ ላቫ ውስጥ ግን ይህ ንጽጽር የአየሩን ስምንት እጥፍ ያህል ነው፤ በአፋርና በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ ላቫዎች ውስጥ ደግሞ ወደ 20 እጥፍ የሚጠጋ ተለክቷል፤ ይህም ከአገራችን በታች ከማንትል፣ ማለትም ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ወፍራም የድንጋይ ንብርብር፣ ጥልቀት ትኩስ ቁስ እየወጣ ለመሆኑ ከሚቀርቡት ጠንካራ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ታዲያ ለጥንት ቸርት ሂሊየም ለምን አይበቃም? አተሙ ትንሽ በመሆኑ በኳርትዝ ውስጥ በቢሊዮን ዓመታት ሾልኮ ይጠፋል፤ በድንጋዩ ያለው ጥቂት ዩራኒየም ደግሞ አዲስ ሂሊየም 4 እያመነጨ የመጀመሪያውን ምልክት ይሸፍነዋል። ከዚህም በላይ ከጠፈር የሚወርድ ደቃቅ አቧራ ሂሊየም 3 ይዞ በባሕር ደለል ውስጥ ስለሚቀበር፣ ጥቂት ብልጫ መገኘቱ ብቻውን የማንትልን እጅ አያረጋግጥም። ለወጣት ፍል ውኃ ሂሊየም አንደኛ ምስክር ነው፤ ለ3.5 ቢሊዮን ዓመት ቸርት ግን ምስክርነቱን በጥርጣሬ መስማት ይገባል። ኒዮንም በተመሳሳይ ምክንያት በድንጋዩ ውስጥ በሚፈጠሩ አዳዲስ አተሞች ስለሚረበሽ ረዳት ሆኖ ብቻ ይጠራል።

ዋናው ሸክም የሚወድቀው በአርጎን ላይ ነው። አርጎን ከአየራችን 0.93 በመቶ ያህሉን ይይዛል። የሉሲን ዕድሜ የሚያውቅ አንባቢ ሳያስበው ከዚህ ጋዝ ጋር ተዋውቋል፤ ሐዳር ላይ ከቅሪቷ ጋር የሚገናኙት የእሳተ ገሞራ አመዶች ዕድሜ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው በማዕድናቱ ውስጥ ከፖታሲየም የተፈጠረውን አርጎን 40 በመለካት ነው። የፖታሲየም 40 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪበሰብስ የሚፈጀው ጊዜ፣ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ከሚበሰብሰው ውስጥም አሥር በመቶ የሚያህለው ወደ አርጎን 40 ይለወጣል፤ ቀሪው ካልሲየም ይሆናል። ከ3.5 ቢሊዮን ዓመታት በፊት በምድር የነበረው ፖታሲየም 40 ከዛሬው ሰባት እጥፍ ገደማ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የተፈጠረው አርጎን 40 በእሳተ ገሞራና በድንጋዮች መሸርሸር ወደ አየር እየወጣ ሲጠራቀም፣ አርጎን 36 ግን ከሞላ ጎደል ባለበት ቆይቷል። ስለዚህ የከባቢ አየር አርጎን 40 ለአርጎን 36 ያለው ንጽጽር በዘመናት እያደገ መጥቷል፤ ዛሬ 298.56 ላይ ይገኛል።

ይህ እድገት በቸርት ውስጥ ታትሞ መገኘቱ የተመሰከረው በስኮትላንድ፣ ራይኒ በምትባል መንደር አጠገብ በሚገኘው ቸርት ነው። የራይኒ ቸርት 407 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ በፍል ውኃ ምንጭ ዙሪያ የበቀሉ ጥንታዊ ዕፅዋትን ከነሕዋሳቸው ጠብቆ በማቆየቱ በዓለም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በዚህ ድንጋይ ላይ በተደረገ ልኬት የአርጎን ንጽጽሩ 291 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የተሻሻለ ልኬት ደግሞ ከ290 ትንሽ ዝቅ አደረገው። ልዩነቱ ከዛሬው አየር ሦስት በመቶ ብቻ ቢሆንም ትርጉሙ ትልቅ ነው። ዛሬ በምድር ላይ የሚገኝ አየር ወይም ውኃ ቢገባበት ኖሮ ቁጥሩ ወደ 298.56 ይሳብ ነበር፤ ከጥልቅ ድንጋይ የመጣ አርጎን ቢገባበት ደግሞ ከዚያም ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ወደ ታች የሚያወርደው የጥንት አየር ብቻ ነው። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ጋዙ በሚሾልክበት ጊዜ ቀላሉ አይሶቶፕ ከከባዱ ቀድሞ ስለሚንቀሳቀስ ንጽጽሩ ያለ ጥንታዊነት ሊዛባ ይችላል። ለዚህ መከላከያው አርጎን 38 ነው። የአርጎን 38 እና 36 ንጽጽር በዘመናት ስለማይለወጥ፣ በናሙናው ውስጥ ከዛሬው አየር ጋር እኩል ሆኖ ከተገኘ መዛባት አልተፈጠረም ማለት ነው።

ወደ ጥልቁ ዘመን ስንሄድ ጉዳዩ ይወሳሰባል። በአንድ የ3.5 ቢሊዮን ዓመት ድንጋይ ውስጥ አርጎን 40 ቢያንስ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ በውኃው ከሟሟው የጥንት አየር፣ ፍል ውኃው በጥልቀት ሲዘዋወር ከድንጋዮች ከጠረገው፣ እና ቸርቱ ከተፈጠረ በኋላ በራሱ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ከተመነጨው። ሦስቱም አንድ ዓይነት አተም ስለሆኑ በመልክ አይለዩም። የሚለዩት በጓደኞቻቸው ነው። ናሙናው አስቀድሞ በኒውክሌር ሪአክተር ውስጥ በኒውትሮን ሲደበደብ በውስጡ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ወደ አርጎን 39፣ ከክሎሪኑም ጥቂቱ ወደ አርጎን 38 ይለወጣል፤ በዚህ ዘዴ ፖታሲየም፣ ክሎሪንና አርጎን በአንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይለካሉ። በድንጋዩ ውስጥ የተፈጠረው አርጎን 40 ከፖታሲየሙ ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ፍል ውኃው ይዞት የመጣው ደግሞ ጨዋማ ከሆነው ፈሳሽ ክሎሪን ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ሁለቱ ከተቀነሱ በኋላ የሚቀረው የአየሩ ነው። በፒልባራ፣ ድሬሰር ፎርሜሽን በሚባለው የድንጋይ ንብርብር ውስጥ በሚገኝ 3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ኳርትዝ ላይ ይህ ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ውጤት የዚያን ዘመን አየር ንጽጽር 143 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 24 ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ከዛሬው ግማሽ ያነሰ ነው።

የዚህ ሥራ ዝና ያረፈው ስለ ጥንቱ አየር በሰጠው ቁጥር ላይ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ ያልተናነሰ ዋጋ ያለው በመንገዱ ላይ የተገኘው ነገር ነው፤ በኳርትዙ ውስጥ ታስረው በቀሩት ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ውስጥ ሁለት ፈሳሾች፣ ማለትም የአየሩን ጋዝ ያሟሟው የወለል ውኃና በጥልቀት የሞቀው ጨዋማ ፈሳሽ፣ ተቀላቅለው እንደነበር አርጎኑና ክሎሪኑ አብረው መሰከሩ። የቸርት አመጣጥ ጥያቄ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ አይደለም፤ የድርሻ ጉዳይ ነው።

ልኬቱ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት የቁጥሮቹን ክብደት ለመመዘን ይረዳል። ከሁሉ በፊት ድንጋዩ ብርሃን እስኪያሳልፍ ተሞርዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በኳርትዙ ውስጥ ከፀጉር ውፍረት በብዙ የሚያንሱ ጠብታዎች ይታያሉ፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ትንሽ የጋዝ አረፋ ሳታቋርጥ ስትንቀጠቀጥ ትታያለች። ጠብታዎቹ በማዕድኑ የእድገት ንብርብር ላይ ከተሰለፉ ማዕድኑ ሲያድግ የያዘው ውኃ ናቸው። በቀጥታ መስመር ድንጋዩን ሰንጥቀው የሚያልፉ ከሆነ ግን ከጊዜ በኋላ ተሰንጥቆ በዳነ ቁስል ውስጥ የገባ የኋላ ውኃ ናቸው። በዚህ ደረጃ የተሳሳተ ምርጫ ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ቁጥር ምንም ያህል ትክክል ቢሆን የሌላ ዘመን ታሪክ ይነግረዋል።

የተመረጠው ቁራጭ ከተጸዳ በኋላ አየሩ በተወገደበት የብረት ዕቃ ውስጥ ገብቶ፣ በላዩ የተጣበቀው የዛሬ አየር እንዲለቅ ለረጅም ሰዓታት በመለስተኛ ሙቀት ይቆያል። ከዚያ በብረት ምት ይደቅቃል። ጠብታዎቹ ሲሰበሩ የያዙት ውኃና ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በጋለ ቲታኒየም ላይ ሲያልፍ ናይትሮጅኑን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱንና የውኃ እንፋሎቱን ብረቱ ይዞ ያስቀራቸዋል፤ ምንም የማይዋሐዱት ኖብል ጋዞች ብቻ ሳይያዙ ያልፋሉ። እነርሱም በፈሳሽ ናይትሮጅንና ከዚያም በባሰ ቅዝቃዜ በየተራ እየተያዙ፣ በየተራ እየተለቀቁ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ይገባሉ፤ በዚያም መግነጢሱ አተሞቹን በክብደታቸው ይለያቸዋል። የደቀቀው ዱቄት አይጣልም፤ በምድጃ ወይም በሌዘር ደረጃ በደረጃ እየተጋለ በጠብታ ሳይሆን በማዕድኑ አካል ውስጥ የታሰረው ጋዝ እንዲወጣ ይደረጋል። በመድቀቅ የወጣው ጋዝ የፈሳሹን፣ በመጋል የወጣው የድንጋዩን ታሪክ ይናገራል፤ ሁለቱ መነጻጸራቸውም ከፍተኛ ዋጋ አለው። በመካከል መሣሪያው ያለ ናሙና እየተለካ ከራሱ ግድግዳ የሚወጣው ጋዝ ይመዘገባል፤ ምክንያቱም በተለይ ለዜኖን የሚለካው መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይህ ካልተቀነሰ ውጤቱ ይበላሻል።

ዜኖን ራሱ በአየር ውስጥ ከአሥር ሚሊዮን ክፍል አንዱን እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ዘጠኝ አይሶቶፖች ስላሉት የሚናገረው ብዙ ነው። የጥንቱ አየር ዜኖን ከዛሬው ይልቅ በቀላሎቹ አይሶቶፖች የበለጸገ ነበር። ቀላሎቹ ከከባዶቹ ይልቅ በቀላሉ ወደ ጠፈር እያመለጡ በመሄዳቸው፣ የቀረው ዜኖን ቀስ በቀስ እየከበደ ሄዶ ከሁለት ቢሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ዛሬ ወዳለበት ደርሶ ቆመ። በደቡብ አፍሪካ ባርበርተን ከ3.3 ቢሊዮን ዓመት ኳርትዝ የወጣው ዜኖን ከዛሬው አየር በአንድ የክብደት አሃድ ወደ 13 በሺህ ገደማ ይለያል። ይህ ማለት ዜኖን ጋዙ መቼ እንደታሰረ የሚያመለክት የራሱ ሰዓት አለው ማለት ነው። በቸርት ውስጥ የተገኘው ዜኖን የዛሬውን አየር የሚመስል ከሆነ፣ ድንጋዩ ምንም ያህል አሮጌ ቢሆን ጋዙ የገባው ከሁለት ቢሊዮን ዓመታት ወዲህ ነው፤ ስለ አፈጣጠሩም ሊመሰክር አይችልም።

በዚህ የዜኖን ሰዓት በመጠቀም የተሠራና ለቸርት ጥናት ቅርብ የሆነ አንድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ በፒልባራ፣ ፋረል ኳርትዛይት በሚባለው ንብርብር ከሚገኝ 3 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ካለው ቸርት ውስጥ ድንጋዩን በአሲድ አሟሟተው ካርቦናዊውን ቁስ ብቻ አስቀሩ፤ ከዚያም በእርሱ ውስጥ የታሰረውን ዜኖን ለኩ። ዜኖኑ የዚያን ዘመን አየር ምልክት ይዞ ተገኘ። ስለዚህ ካርቦናዊው ቁስ በኋላ በስንጥቅ የገባ ሳይሆን ከቸርቱ ጋር አብሮ የኖረ ነው ለማለት ተቻለ። በእኔ ግምት በዚህ መስክ እስካሁን ከተሠሩት ሥራዎች ለሕይወት ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ስለ ጥንታዊ ቅሪቶች በሚነሣው ክርክር ዘወትር የሚቀርበውን ‘ቁሱ የድንጋዩ እኩያ ነውን?’ የሚል ጥያቄ በቅርጽ ላይ ሳይመረኮዝ ይመልሳልና። እዚህ ላይ መለየት የሚያስፈልገው ነገር አለ። ጋዙ ቸርቱን ፍል ውኃ እንዳስቀመጠው ቢመሰክር እንኳ ሕይወት አልነበረም ማለት አይደለም፤ በፍል ውኃ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ዛሬም በዳሎል ዙሪያም ሆነ በውቅያኖስ ወለል ይገኛሉ። ጋዙ የሚናገረው ስለ ውኃው ነው፤ በውኃው ውስጥ ስለኖረው ወይም ስላልኖረው ፍጡር ግን በቀጥታ አይናገርም።

ዘዴው ለድንጋይ መሣሪያዎች ያገለግል እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ አንድ የጥንት ሰው የተጠቀመበት ቸርት ከየትኛው ኮረብታ እንደመጣ ማወቅ ለአርኪዮሎጂ ትልቅ ነገር ነውና። ለዚህ ዓላማ ግን ኖብል ጋዞችን አልመክርም። ናሙናው መድቀቅ አለበት፤ ቅርስን ማድቀቅ ደግሞ የመጨረሻ አማራጭ እንኳ መሆን የለበትም። ከዚህም ሌላ የጋዙ ቅንብር የሚለያየው በውኃ ዓይነትና በዘመን እንጂ በኮረብታ አይደለም፤ በጎረቤት የሚገኙ ሁለት የድንጋይ ማውጫዎች አንድ ዓይነት ጋዝ ሊይዙ ይችላሉ። በድንጋዩ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙ ብረታማ ንጥረ ነገሮችን መለካት በዚህ በኩል ይበልጥ ይጠቅማል።

ለጥንቱ ቸርትም ቢሆን ገና በደንብ ያልተጤነ ክፍተት አለ። ሲሊካ ከውኃ ሲወርድ መጀመሪያ ኳርትዝ አይሆንም። ውኃ ያዘለ ኦፓል ሆኖ ይወርድና በዘመናት ውኃውን እየለቀቀ ወደ ኳርትዝ ይለወጣል። በዚህ ለውጥ ጊዜ ከመጀመሪያው ጋዝ ስንቱ ይቀራል፣ ስንቱስ ይወጣል? ጋዞቹስ እኩል ይወጣሉ ወይስ ቀላሎቹ ይቀድማሉ? ይህን ለመመለስ የ3 ቢሊዮን ዓመት ድንጋይ ሳይሆን ሲሊካ ዛሬ እየወረደ ያለበት ቦታ ያስፈልጋል። ስምጥ ሸለቆአችን ለዚህ የተመቸ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው አሉቶ ላንጋኖ ከምድር በታች የሚወጣ እንፋሎት ለኤሌክትሪክ የዋለበት የአገራችን የመጀመሪያው ጣቢያ ነው፤ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ውኃው ከቁፋሮ ጉድጓድ ሲወጣ የሙቀቱና የጥልቀቱ መጠን የታወቀ ነው፤ ሲቀዘቅዝም ሲሊካ ይጥላል። በአራት ኪሎ የሚማሩ የጂኦሎጂ ተማሪዎች በአንድ ቀን የመስክ ሥራ ከአንድ እንደዚህ ካለ ቦታ ሁለት ነገር ሊወስዱ ይችላሉ። አንደኛው ውኃው ነው፤ ጋዙ እንዳይሾልክ በመዳብ ቱቦ ተሞልቶ ሁለቱ ጫፎች በብረት ማሰሪያ ተጠርቅመው ይዘጋሉ። ሁለተኛው በዚያው ውኃ መውጫ ላይ የተጋገረው ትኩስ ሲሊካ ነው። በሁለቱ ውስጥ ያለው የአርጎን፣ የክሪፕቶንና የዜኖን ድርሻ ተለክቶ ቢነጻጸር፣ የሚታየው ልዩነት ሲሊካው ራሱ ጋዙን ሲይዝ የሚያመጣው ለውጥ ነው፤ ከፒልባራና ከባርበርተን ቸርቶች በሚወጡት ቁጥሮች ላይ ሊቀነስ ወይም ሊጨመር የሚገባውም ይኸው መጠን ነው።